ከውሃው አርባ ሜትር

ሰኔ 4

ለወንድሜ፣

ለምን ስልክ አላነሳም ብለህ ሦስት ጊዜ ጠይቀሃል። መልሱ አጭር ነው፤ ስልክ ላይ ድምፅህን ስሰማ ልጅነትህ ይመጣብኝና ቁጣዬ ይበርዳል። አሁን እንዲበርድ አልፈልግም። ስለዚህ በወረቀት እንነጋገር። ወረቀት አያባብልም፣ ኋላም አይካድም።

ጤናዬን ጠይቀሃል፤ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ጠይቀሃል፤ እንዳለ ነው፣ ደረጃ ስወጣ ይሰድበኛል። የጉድጓዱን ውሃ ጠይቀሃል፤ ጨው ጨው ማለቱ ብሶበታል፣ ለልብስ እንጂ ለመጠጥ መቅዳት ትተናል። ይህን እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ነገሬ ልግባ።

ባለፈው ማክሰኞ ከእናንተ መሥሪያ ቤት ለመንደሩ መልስ መጣ። በጥር ወር ሁላችንም ፈርመን ያስገባነው ማመልከቻ ነበር፤ በዘንድሮው ክረምት ወንዙ ሲሞላ የግድቡ የታችኛው በር ለጥቂት ቀናት ይከፈትልን፣ ከግድቡ ሥር የተኛው ደለል ወደ እኛ ይውረድ ያልንበት። ሌላ የጠየቅነው ነገር የለም። ጭቃ ነው የጠየቅነው። ጭቃ ለምኖ የተከለከለ ሰው ከዚህ በፊት ሰምተህ ታውቃለህ?

መምህሩ ሰውን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰብስቦ ጮክ ብሎ አነበበው። አንዷን ቦታ በቃሌ ይዣታለሁ፤ «የባሕሩ ዳርቻ ባለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም። ይህም የተረጋገጠው በሥፍራው ባለችው ታዛቢ፣ ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ትጋት፣ በየወሩ በተላከልን ልኬት ነው። ስለሆነም ጥያቄውን ያልተቀበልን መሆኑን እንገልጻለን።»

ታዛቢዋ እኔ ነኝ። ሌላ ታዛቢ የለም። መምህሩ ማንበቡን ሳይጨርስ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጀልባ ሠሪው፣ የሚሠራበት ዳስ ሁለት ጊዜ ባሕር ገብቶበት ሁለት ጊዜ መልሶ ያቆመው ሰው፣ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ዳቦ ጋጋሪዋ ግን «አንቺ ነሽ እንዴ እንዲህ ብለሽ የጻፍሽላቸው?» አለችኝ። ቤቷ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ዓሣ ይጠመዳል። ለእሷ ምን ብዬ ልመልስላት?

ዳርቻው አልተንቀሳቀሰም! እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ውሸት አይቼም ሰምቼም አላውቅም። አንተ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው የምትውለው፤ ያውም የደለል ክፍል በሚባለው። ቁጥሬን የለወጠውን ሰው ፈልግና ስሙን ጻፍልኝ። ሥራ አስኪያጁም ቢሆን ግድ የለኝም፤ እሱንም እነግረዋለሁ።

እህትህ

ሰኔ 17

ለማከብርሽና ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የላክሁልሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለሰው ሰጥተሽዋል? መምህሩስ፣ ጀልባ ሠሪውና ሚስቱስ፣ ዶሮዎችሽስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ላይ ዝናቡ ጀምሯል፤ የቢሯችን ጣሪያ በሁለት ቦታ ስለሚያፈስ አንዱን ባልዲ ከእኔ ጠረጴዛ ሥር፣ አንዱን ከጸሐፊዋ ወንበር ኋላ አስቀምጠናል። ግድብ የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ጣሪያው ያፈስሳል ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ።

ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ፈቃድ ላይ ነበር። ሲመለስ ገብቼ ሃያ ስድስቱንም ዓመት አንድ በአንድ አየሁት። እትዬ፣ ቁጥርሽን የነካው የለም። አባባ በእርሳስ የጻፏቸውም፣ አንቺ በዚያ በሐምራዊ ቀለም የጻፍሻቸውም እንዳሉ ናቸው። እምቢታው የተቀዳበት ሪፖርት ላይ ያለው ያው የላክሽው ቁጥር ነው።

ደለሉ የት ገባ ብለሽ ባለፈው ዓመት ጠይቀሽኝ ነበር፤ እሱን ልመልስልሽ። ወንዝ አፈር የሚሸከመው ሲሮጥ ነው። ሩጫው ሲበርድ ሸክሙን ያራግፋል፤ መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ መጨረሻ ላይ ያንን እንደ ዱቄት የላመውን። ድሮ ሩጫው የሚበርደው እናንተ ጋ፣ ባሕሩን ሲያገኝ ነበር። አገራችሁ የተሠራችው በዚያ ነው፤ ወንዙ ባራገፈው ሸክም ላይ ነው የቆማችሁት። አሁን ግን የሚበርደው እዚህ፣ ግድቡ ላይ ነው። ሁሉንም እዚህ ይጥልና ባዶ እጁን ወደ እናንተ ይወርዳል። በየሳምንቱ ከግድቡ በላይና ከግድቡ በታች ውሃ በጠርሙስ እቀዳለሁ። የላዩ ጠርሙስ ሲረጋ ሁለት ጣት ጭቃ ይተኛበታል። በታችኛው ጠርሙስ አሻግረሽ ግን ጋዜጣ ማንበብ ትችያለሽ።

በሩን ለመክፈት የማይፈልጉት ለምን እንደሆነም ታውቂያለሽ። ሲከፈት ውሃው ዝቅ ይላል፣ መብራት ይቀንሳል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቆጪ። ዳርቻውን የምትለኪው እንዴት ነው? የብረት ችካሉስ ደህና ነው?

ሪፖርቱን ማን እንደጻፈው ለጠየቅሽኝ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ወረቀት ብዙ እጅ ያልፋል። ደግሞ እባክሽ ሥራ አስኪያጁን በደብዳቤሽ «እሱ» አትበያቸው። ትልቅ ሰው ናቸው።

ታናሽ ወንድምሽ

ሰኔ 29

ለወንድሜ፣

«እንዴት ነው የምትለኪው» ትለኛለህ? አንተ? የገመዱን ሌላ ጫፍ ይዘህ ያደግኸው ልጅ? ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ባልከፋኝ።

ደሜ ቢፈላም እመልስልሃለሁ፤ ምናልባት አጠገብህ ሆኖ የሚያነብ የማያውቅ ሰው ይኖር ይሆናል። በወሩ የመጀመሪያ ቀን፣ ባሕሩ በጣም በሚሸሽበት ሰዓት፣ ገመዱን ከችካሉ አስሬ ውሃው እስከሚጀምርበት እዘረጋለሁ። ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ፖስታ ውስጥ እከታለሁ። አንድ ወር አላጓደልኩም። አባባ የተቀበሩ ዕለት እንኳ ቀኑ አንድ ስለነበረ ለክቼ ነው ወደ ቀብር የሄድኩት፤ ሰው እስከ ዛሬ ይታዘበኛል።

ችካሉም ደህና ነው። ችካሉን መጀመሪያ ያመጣው ሰውዬ ለአባባ ያላቸውን አትረሳውም፤ «ይህ የመንግሥት ንብረት ነው። ቦታው ከውሃው አርባ ሜትር ላይ ነው። ውሃ ከወሰደው የምትጠየቀው አንተ ነህ።» አባባ ያንን ቃል እንደ ኑዛዜ ነው የያዙት። ስለዚህ ውሃው ገፍቶ ገፍቶ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሜትር ሲቀረው፣ ክረምቱ አልፎ መሬቱ ለስልሶ ሳለ፣ ጥቅምት ላይ ነቅለን ወደ ኋላ እንወስደዋለን። እንደገና አርባ ሜትር ለክተን እንተክለዋለን። አባባ አምስት ጊዜ፣ እኔ አሥራ አንድ ጊዜ። እዚህ አገር ባሕር ያልወሰደበት ሰው የለም፤ ዳስ ሄዷል፣ ቤት ሄዷል፣ የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ሳይቀር ሄዷል። ያ ችካል ግን አንድም ቀን ውሃ ነክቶት አያውቅም። በየዓመቱ ቀይ ቀለም እቀባዋለሁ። እንዲህ ለጠበቅሁላቸው ነው እንግዲህ ውሸታም ያደረጉኝ።

ባሕሩ ድሮም ይበላ ነበር። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። በበጋ ይበላል፣ በክረምት ወንዙ ይተካል፤ አንዱ ሲወስድ ሌላው ሲመልስ ነው የኖርነው። እናታችን ጎርፍ ሲሸሽ ከቤት ውስጥ ጭቃ በአካፋ ስትዝቅ «ዘንድሮም መሬት መጣልን» ትል ነበር። አሁን ጎርፉ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ወለሉን አጥቦ ይሄዳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፤ እኛን ግን ሳያስቀን ነው የወሰደን።

ወንዙ ድሮ እዚህ ሲደርስ አምስት ቦታ ተከፍሎ ነበር ባሕር የሚገባው። ዛሬ ሦስት ቀርቷል። ሁለቱ ላይ ባሕሩ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው።

ብዙ እጅ ያልፋል ላልከኝ፣ ብዙ እጅ ቢያልፍም መጀመሪያ የጻፈው አንድ እጅ ነው። የእሱን ስም ነው የጠየቅሁህ። ሥራ አስኪያጅህንም በተመለከተ የሚከበር ሥራ ይሥራ፣ እኔም አከብረዋለሁ።

እህትህ

ሐምሌ 11

ለምወድሽ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ አታንብቢው። ወንበር ሳቢ።

አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ዳር ዳር ማለት ስለማትወጂ በቀጥታ ልንገርሽ። ቁጥሩን ያበላሸው ማንም ሰው አይደለም። ያበላሸው የችካሉ መነቀል ነው።

እንዲህ አስቢው። የልጅን ቁመት በበሩ መቃን ላይ ጭረት አድርገን እንለካለን። ልጁ ባደገ ቁጥር ጭረቱን ወደ ላይ ብናነሳለት ያ ልጅ መቼም አላደገም። እናንተ ባሕሩ አንድ እርምጃ በመጣ ቁጥር ችካሉን አንድ እርምጃ ስላራቃችሁት፣ በመዝገቡ ላይ ባሕሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። አርባ፣ ሠላሳ ሦስት፣ ሃያ አራት፣ አሥራ ሁለት፤ ከዚያ እንደገና አርባ።

ከዚህ የባሰም አለ። ያ ቁጥር እዚህ ግድግዳ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ተሥሏል። ይወርዳል፣ ጥቅምት ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ እንደገና ይወርዳል። የእኛ ሰዎች ሲያዩት ምን ያሉ ይመስልሻል? «በበጋ ባሕሩ ይሸረሽራል፣ ከክረምት በኋላ ወንዙ ደለል አምጥቶ ይሞላል፤ ዴልታው ጤነኛ ነው» አሉ። አንቺ ራስሽ የጻፍሽልኝን የድሮውን የወንዙን ጠባይ ነው በቁጥርሽ ውስጥ ያዩት። እናንተ ችካሉን የነቀላችሁበት ቀን በእኛ መዝገብ መሬት የተመለሰበት ቀን ሆኗል።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የአባባም አይደለም። አንድ ሰው መጥቶ «አትንቀሉት፣ ውሃ ቢወስደውም ይውሰደው፣ የወሰደበትን ቀን ብቻ ጻፉ» ማለት ነበረበት። ማንም አላለም።

ዶሮዎቹን ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም። ስለ ጸሐፊው ደግሞ፣ እባክሽ ለጊዜው ተዪው። ለጤናሽ አስቢ።

ታናሽ ወንድምሽ

ሐምሌ 20

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም።

የተጻፈው ገብቶኛል፤ ሁለት ጊዜ ማንበብ አላስፈለገኝም። የዳቦ ጋጋሪዋን ቤት፣ የጀልባ ሠሪውን ዳስ፣ የአባባን ማሳ፣ በእርሳስና በቀለም እየጻፍን እኛው ነን የለም ያልነው። ለመንግሥት ብረት ስንሳሳ መሬቱን ሸኘነው። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባል የለ፤ እኛ ደግሞ ለካን። በራሴ ተናድጄ ሳላበቃ ነው ሌላው የመጣብኝ።

በሦስተኛው ቀን ከመምህሩ ያንን የእምቢታ ደብዳቤ ተውሼ ብቻዬን አነበብኩት። «ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ትጋት።» እኔ ወደ እናንተ በምልከው ወረቀት ላይ ያለው ቀንና ቁጥር ነው። የአባቴ ስም የለበትም፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ የለበትም። እዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ በፊት የለኩት አባቴ መሆናቸውን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? አንድ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አንተ ስለ ዶሮዎቼ የምትጠይቀኝ ለካ ለዚህ ነው።

አባባ ሲነቅሉት ጉድጓዱን ትቆፍር የነበርከው አንተ ነህ። ገመዱን ትይዝ የነበርከው አንተ ነህ። ችካሉ እንደሚነቀል በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ካንተ በቀር የሚያውቅ ነፍስ የለም።

አዎ ወይም አይደለም ብለህ ጻፍልኝ። ሰላምታ አትጨምርበት።

ነሐሴ 9

ለወንድሜ፣

«አዎ» ለማለት ሦስት ገጽ ፈጀብህ።

በመጀመሪያው ገጽ አላስታወስኩትም ነበር ትላለህ። ሕፃን ነበርኩ፣ ችካሉ ሲነቀል ማየቴ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር ትላለህ። በሁለተኛው ገጽ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር፣ የአባባና ያንቺ ልፋት በትልቅ ወረቀት ላይ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነው ያንን ቃል የጨመርኩት ትላለህ። ይህንንስ አምንሃለሁ፤ ሞኝነት ነው እንጂ ክፋት የለበትም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን፣ እዚያ እታች፣ ጽሑፍህ ደቃቅ በሆነበት ቦታ፣ ሪፖርቱን ግማሽ ላይ ስደርስ አስታወስኩ ትላለህ። አስታወስክና፣ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ስለነበር፣ ጨረስከው።

ሰው በሩ ላይ ስለቆመ! እኛ በር ላይ ባሕር ቆሟል።

ሦስተኛውን ገጽ ብቻ ብትልክልኝ ይሻል ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ምድጃ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። ይቅርታ ጠይቀሃል፤ ይቅርታው ይቆይ፣ አሁን ጊዜ የለኝም።

ነሐሴ ሃያ ስብሰባ አለ፣ በሩ ይከፈት አይከፈት የሚለው ለመጨረሻ ጊዜ ይታያል ብለሃል። የችካሉን ነገር ከተናገርሽ ግን ሃያ ስድስት ዓመት የለካችሁት ሁሉ ይሰረዛል፣ አንቺንም ያነሱሻል፣ የአባባም ስም ይነሳል ብለህ ታስጠነቅቀኛለህ። ለእኔ አስበህ ከሆነ እግዜር ይስጥልኝ። ይሰረዝ። ውሸት ሆኖ ከሚቀመጥ ይሰረዝ። አባባም ቢሆኑ በሕይወት ቢኖሩ አንገታቸውን ደፍተው ይህንኑ ነበር የሚሉት።

እኔ የሠራሁትን ልንገርህ። ሰውን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰብስቤ ሁሉን ተናገርኩ። መምህሩ ላስረዳልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩ። ስጨርስ ዳቦ ጋጋሪዋ ከተቀመጠችበት ተነስታ መጣች፤ ትመታኛለች ብዬ ነበር። «አሥራ አንዱንም ጊዜ ስትነቅይ አይቼሻለሁ። እኔም እኮ ምን ችግር አለው ብዬ ነው ያለፍኩት» አለችኝ። ከዚያ ነገር ሁሉ ተገለበጠ፤ ሰው በእኔ መናደዱን ትቶ የት የት እንደተተከለ መከራከር ያዘ።

መጀመሪያ የተተከለው ከድሮው የውሃ ጉድጓድ አጠገብ እንደነበር ሁሉም ተስማማ። ጉድጓዱን ታስታውሰዋለህ፤ ዛሬ ባሕር ውስጥ ነው፣ ውሃው በጣም ሲሸሽ የሲሚንቶ አፉ ብቻ ብቅ ይላል። ነሐሴ ሦስት ቀን፣ መምህሩና ጀልባ ሠሪው ከእኔ ጋር ሆነው፣ ዛሬ ችካሉ ካለበት እስከዚያ የሲሚንቶ አፍ ድረስ ገመድ ዘረጋን። ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በጀልባ። ጀልባ ሠሪው አንድ እጁን መቅዘፊያው ላይ አድርጎ በሌላው ገመዱን ይዞ ሲሳደብ ነበር፤ ማንን እንደሚሰድብ አልጠየቅሁትም። ሦስት ጊዜ ለካን። አራት መቶ ሃምሳ ሦስት ሜትር። ችካሉ በሃያ ስድስት ዓመት አራት መቶ ሃምሳ ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ሄዷል፣ ባሕሩም ተከትሎታል።

ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አለ። «እኔና አባቴ የላክነው ልኬት የተሳሳተ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ነው» ይላል። እኔ ፈርሜበታለሁ። ሥሩ ላይ የጉድጓዱ ልኬት አለ፤ እሱ ላይ ደግሞ ሰባ አንድ ሰው ፈርሟል። ስብሰባው ላይ ቆመህ ታነበዋለህ። አንብበህ ስትጨርስ አትቀመጥም፤ «ችካሉ እንደሚነቀል አውቅ ነበር፣ እያወቅሁ ጻፍኩ» ትላለህ። የእኔን ውርደት ብቻ ይዘህ እንዳትገባ። የራስህንም ይዘህ ግባ።

እህትህ

ነሐሴ 22

ለእትዬ፣

አነበብኩት። የራሴንም ተናገርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምጽፍልሽ አላውቅም። እንዴት ነበር ብለሽ እንደምትጠይቂኝ ስለማውቅ ልሞክር። ወረቀቱን በሁለት እጄ ነው የያዝኩት። አሥራ አራት ሰው ነበር። ስጨርስ ሻይ የሚያማስሉት ማማሰላቸውን አቁመው ነበር። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ታዛቢዋ ሐቀኛ ሴት ናት» አሉ። ይህን ብለው ሲጀምሩ ነገሩ የተሳካ መስሎኝ ነበር።

አራት መቶ ሃምሳ ሦስቱን ሜትር አልተከራከሩም። አመኑት። አምነውት ሲያበቁ ያሉትን ልንገርሽ። «ዳርቻው ይህን ያህል ከተበላ እንግዲህ አበቃለት ማለት ነው። ደለል ቢለቀቅም አይመለስም። መብራት ቀንሰን የማይድን ቦታ ከምናጠጣ ሰዎቹን ለራሳቸው ደኅንነት ወደ ሌላ ሥፍራ ማዛወር ይሻላል።» ባሕሩ አልመጣም ብለው ከለከሏችሁ፤ አሁን ደግሞ በጣም መጥቷል ብለው ከለከሏችሁ። ሁለቱም መልስ ከአንድ አፍ ነው የወጣው፣ ሦስት ወር በማይሞላ ልዩነት።

ቆሜ ነበርና ቁጭ አልኩ። ልነግራቸው የሚገባኝ ነገር ነበር፤ ከአፌ አልወጣም።

ስብሰባው ሲበተን ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ አድርገው ማስታወሻውን ሰጡኝ። የውሳኔውን ደብዳቤ ለመስከረም አምስት አዘጋጅ አሉኝ። «ቦታውን ከእኛ ሁሉ የምታውቀው አንተ ነህ፣ ለስለስ አድርገህ ጻፈው» አሉ። የመጀመሪያውንም እምቢታ እኔ፣ ሁለተኛውንም እኔ።

አልጽፈውም እትዬ። ይህችን ብዕር ዳግመኛ ለዚህ አላነሳትም። ከትናንት ጀምሮ ዕቃዬን እየሸከፍኩ ነው። የሥራ መልቀቂያዬን ሰኞ አስገባለሁ፣ በሳምንቱ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። ከእናንተ ጋር ልሁን። የሚመጣው ሲመጣ እዚያው አብሬያችሁ ልቁም። የድሮ አልጋዬን ብቻ አንጥፊልኝ፤ ከዚያ በላይ አላስቸግርሽም።

ታናሽ ወንድምሽ

ነሐሴ 29

ለወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አላመንኩትም፤ መምህሩ ራሱ ይዞት ነው የመጣው። አንብበህ እስክትጨርስ በር ላይ ቆሞ እንዲጠብቅህ ነግሬዋለሁ። በር ላይ ለሚቆም ሰው ሥራ እንደምትጨርስ አውቃለሁና።

እንዳትመጣ።

እዚህ መጥተህ ምን ልትሆን ነው? እዚህ ቆሞ ባሕር የሚያይ ሰው ሞልቷል፤ ሰባ አንድ ሰው ፈርሞልሃል እኮ። የጎደለው እዚያ ላይ፣ እዚያ ጣሪያው በሚያፈስስ ክፍል ውስጥ ነው። አንተ ወጥተህ ስትሄድ ብዕሩ አብሮህ አይመጣም፤ ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ያ ሰው ወንዛችንን በካርታ እንጂ በእግሩ አያውቀውም፣ ለስለስ አድርጎም ይጽፈዋል። ያን ጊዜ ደብዳቤውን አልጻፍኩም ብለህ እጅህን ታጥበህ ከእኛ ጋር ራት ልትበላ ነው? አይደረግም። እኔ ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ያዋረድኩት ራሴን ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ቤቴ ገብቼ አልተኛሁም። ወጥቼ ለካሁ።

«አይመለስም» አሉ? ማነው የለካው? እኔና አባባ ሃያ ስድስት ዓመት ተሳስተን ለካን፣ እነሱ ግን አንድም ቀን ሳይለኩ ነው የሚያውቁት። ስማ። ከግድቡ በታች ያለውን ገባር፣ ያንን በበጋ ልጆች የሚሻገሩትን ትንሹን ወንዝ ታውቀዋለህ። እሱን የገደበው የለም። በዚህ ክረምት ሞልቶ ወረደ፤ ቀይ ሆኖ፣ ግንድ ይዞ፣ ስድስት ቀን። መካከለኛው ቅርንጫፍ ባሕሩን በሚያገኝበት ቦታ ጭቃውን አራገፈው። ከመምህሩ ጋር ሄደን አየን፤ እስከ ጉልበቴ ሰጠምኩበት። የተኛው አዲስ መሬት ወርዱ ሠላሳ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ የዚያ ሁለት እጥፍ ነው። ባሕሩ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሸሽቶበታል፣ አልወሰደውም። አንድ ተራ ገባር በስድስት ቀን ይህን ከሠራ ዋናው ወንዝ ቢፈቀድለት ምን ሊሠራ ነው? ልኬቱ ከዚህ ጋር ተያይዟል። በዚህኛው ችካሉን አልተጠቀምንም፤ ትልቅ ድንጋይ ላይ ነው የጀመርነው፣ ድንጋዩንም የሚነቅል ጉልበት ያለው ሰው እዚህ የለም።

ስብሰባው ላይ ከአፌ አልወጣም ያልከኝ ነገር ይህ ከሆነ አሁን ይውጣ። ካልሆነም ከእኔ ውሰደው።

መልቀቂያህን አስገብተህ ከሆነ መልሰህ ውሰደው። ደብዳቤውን አንተ ጻፍ ብለውሃል። መልካም፤ ጻፈው። «በሩ ይከፈታል» ብለህ ጻፍ። ከነምክንያቱ፣ ከነልኬቱ፣ ለስንት ቀን እንደሚከፈት ሳይቀር አስገብተህ፣ አሳምረህ ጻፍና ለፊርማ ሥራ አስኪያጅህ ጠረጴዛ ላይ አድርግለት። ይቆጣሃል። ይቆጣ። ሌላ አምጣ ቢልህ ያንኑ መልሰህ አምጣ። ካልፈለገ በራሱ እጅ ይሰርዘው፣ በራሱ ቀለም «አይከፈትም» ብሎ ይጻፍና ስሙን ይፈርምበት። እስከ ዛሬ እምቢ ያለንን ሰው ስም አላወቅንም፤ ሁለቱንም ጊዜ የእኛን ልጅ እጅ ነው የላኩብን። ከእንግዲህ እምቢ የሚለን ራሱ ይጻፈው። ቢያባርሩህ፣ ይህን አድርገህ ከተባረርክ፣ ያን ጊዜ ና፤ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ይቀበልሃል። ሳታደርግ ከመጣህ ግን እኔም አልከፍትልህ።

ደግሞ አልጋህን አንጥፊልኝ ብለሃል። አልነገርኩህም ነበር፤ ስብሰባህን እንዳይረብሽ ብዬ ነው። የጀልባ ሠሪውን ቤት ባሕሩ ከስብሰባው በፊት፣ ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን ወስዶታል። አልጋህ ላይ እሱና ሚስቱ ናቸው የሚተኙት።

እህትህ